«እረኛ» ስድብ ነው እንዴ?

እኛ የከተማ ልጆች «እረኛ!» ብለን መሳደብ እንወዳለን። አጊቱ ጉደታ ግን ሶሺዮሎጂ የተማረች የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች፤ የመሬት ነጠቃን በመቃወሟ በፈረንጆቹ 2010 ወደ ጣሊያን ተሰደደች። ትሬንቶ አጠገብ፣ በሞኬኒ ሸለቆ ጦም ያደረ መሬት ይዛ በ15 ፍየሎች ጀመረች። በ2018 ፍየሎቿ 180 ደርሰው ነበር። ወተቱን ለነጋዴ አስረክባ አልተቀመጠችም፤ አይቡን ራሷ ሠርታ፣ ራሷ ገበያ ወጥታ ሸጠች። ትርፉ ያለው እዚያ ላይ ነዋ!

በ2020 መጨረሻ ቤቷ ውስጥ ተገደለች። ብዙዎቻችን ስሟን የሰማነው ያኔ ነው፤ ያሳፍራል።

ዲግሪ ታቅፈን «ሥራ ጠፋ» የምንል ሁሉ፣ የጠፋው ሥራው ነው ወይስ ፍየል ለማለብ ጎንበስ የሚል ሰው? ለማንኛውም ከዛሬ ጀምሮ «እረኛ» የሚለን ካለ «አሜን» እንላለን።