ምኑ ነው የተቃጠለው?

እስቲ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ቴፕ፣ ቴሌቪዥን ወይም ኮምፒውተር እምቢ ብሏችሁ ጥገና ቤት ወስዳችሁት «ቦርዱ ተቃጥሏል» ያልተባላችሁ አላችሁ? እኛ ሁላችንም ተብለናል። ዛሬ የምንጽፈው ከዚህች ቃል ጋር ስላለን ጠብ ነው።

ነገሩ የተነሳው በአንድ አሮጌ ጌም ነው። ከእኛ አንዱ ያደገው አንገር ጉቲን ነው፤ ከነቀምት ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንገር ሸለቆ ውስጥ። በጋው አቧራ፣ ክረምቱ ዶፍ የሆነ ቆላ ነው። እቤታቸው ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዝ፣ ካሴት የሚሰካበት፣ ኪቦርድ ያለው ጌም ነበራቸው። የጃፓኑ ፋሚኮም ግልባጭ መሆኑን ያወቅነው ገና አሁን ነው። ፋሚኮምን ኒንቴንዶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን ስሙ ሲዘረዘር «ፋሚሊ ኮምፒውተር» ነው፤ የቤተሰብ ኮምፒውተር ማለት። በዓመቱ ኪቦርድና የቤዚክ ካሴት ወጣለት። ስለዚህ ጌም እያልን ብናናንቀውም ዕቃው ኮምፒውተር ነበር። ያ ወዳጃችን በሕይወቱ የመጀመሪያውን ፕሮግራም የጻፈው በዚያ ነው፦ 10 ላይ ስሙን ፕሪንት፣ 20 ላይ ጎቱ 10። ስሙ ማያውን ሞልቶ ሲወርድ ጎረቤት ተጠርቶ አይቷል።

አንድ ቀን ማርዮን ሲከፍት ማያው ግራጫ ብቻ ሆነ። ነፋበት፤ አልሆነም። መታው፤ አልሆነም። አንድ ጥገና ቤት ተወሰደ፤ «ተቃጥሏል» ተባለ፤ አልጋ ስር ገባ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢው በነበረው ግጭት ብዙ ቤተሰብ ቀዬውን ሲለቅ የእነሱም ቤት ተዘጋ። እናቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ከያዟቸው ሁለት ሻንጣዎች ባንዱ ውስጥ፣ ከሰርተፊኬቶቹ ጋር፣ ያ ጌም በነጠላ ተጠቅልሎ ተገኘ። «ተቃጥሏል እኮ» ሲላቸው «ያንተ ዕቃ ነዋ» ብቻ ነው ያሉት።

ባለፈው ቅዳሜ ተሰብስበን ፈታነው። አንዲት የተቃጠለች ነገር አላገኘንም። የሸተተ የለም፣ የጠቆረ የለም፣ ያበጠ ካፓሲተር የለም። የካሴቱ እግሮች ግን ከዝገት ብዛት አረንጓዴ ሆነዋል።

ይሄኔ ነው የተናደድነው። ሰውየው ውሸታም ነው ብለን አይደለም። ንዴታችን አንድም ሰው፣ እኛን ጨምሮ፣ «ምኑ?» ብሎ ባለመጠየቁ ነው። ምርመራው ደግሞ እንደምናስበው ከባድ አይደለም። ማያውን በደንብ ማየት ብቻ ብዙ ይናገራል። ጌሙ ሳይበራ ቴሌቪዥኑ ላይ ያ የሚንጫጫ ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ አለ እንበል። ጌሙን አብሩት። ነጠብጣቡ ጠፍቶ ጥቁር ወይም አንድ ዓይነት ቀለም ከሆነ ሲግናል እየደረሰ ነው፤ ቴሌቪዥኑም፣ ኬብሉም፣ ቻናሉም ደህና ናቸው ማለት ነው። ያኔ ጥርጣሬው ወደ ካሴቱ ይዞራል። ፊደሉ የተዘባረቀ፣ ማርዮ አንገቱ ሌላ ቦታ የሆነም እንደሆነ እንዲሁ። ነጠብጣቡ ምንም ካልተለወጠ ግን ካሴቱን ተዉት፤ ቻናል ፈልጉ፣ ኬብል ቀይሩ። ምስሉ ጥርት ብሎ ቀለም ብቻ ካጣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ብልሽት እንኳን አይደለም። የእኛ አገር ቴሌቪዥን ፓል ነው፤ የጃፓኑና የአሜሪካው ዕቃ ኤንቲኤስሲ። ሁለቱ ቀለሙን የሚጽፉበት መንገድ ስለማይገናኝ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ቴሌቪዥኑ ሜኑ ውስጥ ገብቶ መቀየር ብቻ ሊበቃ ይችላል። በዚህች ምክንያት ስንት ዕቃ ተጥሎ ይሆን!

ምስሉ ላይ ወፍራም መስመር ወደ ላይ እየተጥመለመለ የሚወጣ ከሆነ አዳፕተሩን ጠርጥሩ። ቀይዋ መብራት በራች ማለት አዳፕተሩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። በነገራችን ላይ፣ ሶኬቱ ስለገባ ብቻ የሌላ ዕቃ አዳፕተር አትሰኩ። ፋሚኮም የመሃሏ እግር ኔጌቲቭ ናት፤ የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ፖዘቲቭ። የጃፓን መብራት 100 ቮልት፣ የእኛ 220 መሆኑም አይረሳ። በዚህ ከተሳሳታችሁ «ተቃጥሏል» የምትለው ቃል እውነት ትሆናለች።

አሁን ወደ መንፋቱ። ይሄ የሁላችንም ኃጢአት ነው። ካሴት አውጥቶ «ፉፍ!» ማለትን ማን እንዳስተማረን አናውቅም፤ አንገር ጉቲንም፣ መርካቶም፣ ኒው ዮርክም ያለ ልጅ ያደርገዋል። ኒንቴንዶ ራሱ እንዳይደረግ አሳስቧል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ትንፋሽ እርጥበት አለው፤ እርጥበት ብረት ያዝጋል። «ግን እኮ ይሰራ ነበር» ትሉናላችሁ። አዎ፣ ይሰራ ነበር። የሰራው ግን ትንፋሹ አይደለም፤ ካሴቱ ወጥቶ ተመልሶ መግባቱ ነው። ሲወጣና ሲገባ እግሮቹ ተፋቅተው አዲስ መነካኪያ ያገኛሉ። እኛ ግን ምስጋናውን ለሳንባችን ሰጥተን ኖርን። እንደ አንገር ክረምት ባለ እርጥበት ደግሞ ምራቅ መጨመር የት እንደሚያደርስ የወዳጃችን ካሴት ምስክር ነው።

መድኃኒቱ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮልና የጆሮ ጥጥ ነው። ጌሙን ካጠፋችሁ በኋላ ጥጡን እርጥብ አድርጋችሁ (የሚንጠባጠብ አይሁን) እግሮቹን ጥረጉ። ጥቁር ቆሻሻ ይወጣል፤ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪቀር ቀጥሉ። በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ሁለት ሦስቴ ሰክታችሁ ንቀሉት። ሳኒታይዘር አይሆንም፣ ቅባት ይተዋል። አልለቅ ያለውን ዝገት በላጲስ ቀስ አድርጎ ማሸት ይቻላል፤ ብርጭቆ ወረቀት ግን ከቤት ይውጣ፣ ሽፋኑን ልጦ ይጨርሰዋል። እኛን የፈጀብን አርባ ደቂቃና አስራ አንድ የጆሮ ጥጥ ነው። ማርዮ ከነሙዚቃው መጣ። ወዳጃችን ምንም አላለም፤ ተነስቶ ውሃ ሊጠጣ ወጣ።

እውነቱን ለመናገር ጥገና ቤቶችን ብቻ መውቀስ አይገባም። ባለሙያው «ጠርጌልህ ነው የሰራው» ቢለን የምንከፍል አይደለንም። ዕቃ ቀየርኩ ሲለን ነው ኪሳችን የሚፈታው። እኛ ለምርመራ ዋጋ ስለማንሰጥ እሱም አይመረምርም። ግማሽ ቀን ሲለካ ውሎ በነጻ ከሚመልስልን «ተቃጥሏል» ቢለን ይሻለዋል።

የምንጽፈው ግን ለአንድ ጌም ብለን አይደለም። ያው በሽታ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ አለ። በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት በፕላዝማ ማስተማር ሲጀምሩ ማያው በጨለመ ቁጥር እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥን ተማርን። ዛሬም አይሲቲ ክፍል ገብታችሁ ብታዩ ጥግ ላይ ተደርድረው «አይሰራም» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው ኮምፒውተሮች አይጠፉም። አብዛኞቹ «ዲስፕሌይ የለውም» የሚባሉ ናቸው። ሲስተም ዩኒቱ ተከፍቶ ራሙ ወጥቶ በላጲስ ቢጠረግና ቢመለስ ስንቱ ይነሳ ነበር! ይሄን የኮምፒውተር ጥገና ልጆች ሁሉ ያውቁታል፤ ከካሴቱ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፣ የመዳብ እግርና ቆሻሻ። አንዳንዱማ ያቺ ሰማያዊ የቪጂኤ ኬብል ላልታ ነው። ለአርባ ተማሪ አራት ኮምፒውተር ባለበት ክፍል የአንዷ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ አስሉት። ስለዚህ ጥያቄያችን ለርዕሰ መምህራንም ነው፦ «አይሰራም» የሚለው ወረቀት ሥር ምኑ እንደማይሰራና ማን እንዳየው ይጻፍበት። ለአሥረኛ ክፍል ልጆችም እንፍቀድላቸው፤ የተጣለውን ፈተው ቢያበላሹ ምን እናጣለን?

አንድ ነገር ብቻ ልጆች አይንኩ፤ ከኋላው ትልቅ ሆድ ያለውን የድሮ ቴሌቪዥን። ውስጡ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይሠራል፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ቱቦው ያጠራቀመውን ይዞ ሊቆይ ይችላል። እሱን ለለመደ ባለሙያ ተዉት።

ቴሌቪዥኑን ግን አትጣሉት። ከጌሙ ጋር የመጣችው ዳክዬ መተኮሻ ሽጉጥ በጠፍጣፋ ማያ ላይ አትሠራም፤ ብርሃኑን የምትጠብቀው በአሮጌው ቱቦ ፍጥነት ነው። የእናቱ ሻንጣ ውስጥ ሽጉጧም ነበረች። ስለዚህ ስቶራችሁ ውስጥ ባለ ሆዱ ካለና ቦታ ካጣበባችሁ፣ ተሸክመን እንወስዳለን። «ተቃጥሏል» የተባለ ቢሆንም ግድ የለም።