«ምን ይጠቅማል?» የምትል ጥያቄ

የዘመናችን ወጣት መጽሐፍ ከመግለጡ አስቀድሞ የሚያቀርባት አንዲት ጥያቄ አለች፤ እርስዋም «ምን ይጠቅማል?» የምትለው ናት። ጥያቄዪቱ የብልህ ትመስላለች፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሰነፍ መሸሸጊያ ናት። ስለ ሰማይና ስለ አየር የሚመረምረውን ሰው «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» እያሉ የሚያላግጡበት ሁሉ፥ ዕውቀትንም እንደ ገበያ በግ ላቱን ዳብሰው ሊገዙ የሚፈልጉ ናቸው።

እስቲ ነገሩን በሥራ እንየው። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1974 ዓ.ም. በአውስትራልያ በሜልበርን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሪቻርድ ሮብሰን የተባለ ሰው፥ የአቶሞችን አያያዝ ለተማሪዎቹ ለማሳየት የእንጨት ኳሶች አስበስቶ በዘንግ ሲያያይዝ አንድ አሳብ መጣለት። ይኸውም አቶሞች ራሳቸው እንደዚህ ተያይዘው በውስጡ ባዶ ክፍል ያለው ቤት ሊሠሩ አይችሉምን? የሚል ነው። አሳቡን የፈተነው ከዐሥር ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። በጃፓንም ሱሱሙ ኪታጋዋ በዚሁ መንገድ ሲደክም፥ ገንዘብ ሰጪዎቹ ጥቅሙ አልታያቸው ብሎ ልመናውን ደጋግመው መልሰውበታል። በኋላ ግን ከፍልስጥኤም ስደተኞች በአማን ከተማ የተወለደው ኦማር ያጊ፥ እንዲህ ባለው ነገር በአሪዞና በረሓ ከሌሊቱ አየር እርጥበት ይዞ፥ ፀሓይ ስታሞቀው ውሃ አወጣበት። ሦስቱም በ2025 ዓ.ም. የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ይህ ምን እንደሚጠቅም ውሃ ያጣውን ሰው ጠይቁት።

«የሚጠቅመውን ብቻ እንማር» ለሚለኝ ደግሞ ሌላ ምስክር አቀርባለሁ። ቀድሞ በማቀዝቀዣና በሽቶ መንፊያ ውስጥ ይጨመር የነበረ፥ ክሎሮፍሎሮካርቦን የሚባል ጋዝ ነበር። በእሳት አይያያዝም፥ ሰውንም አይመርዝም፤ ጥቅሙን ለሚጠይቅ ሰው ከእርሱ የሚሻል አልነበረም። በ1974 ዓ.ም. ማሪዮ ሞሊናና ሸርውድ ሮውላንድ፥ ይህ ጋዝ ወደ ላይ ወጥቶ ከፀሓይ ጎጂ ጨረር የሚጋርደንን ኦዞን ሊያጠፋ እንደሚችል ሲያስረዱ፥ ጋዙን የሚሠሩት ፋብሪካዎች ተቃወሟቸው። በዚያው ዘመን የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በደቡብ ዋልታ ምድር፥ ሃሌይ በሚባለው ጣቢያ፥ ኦዞንን ዓመት ከዓመት ይለኩ ነበር። በበረዶ መካከል ተቀምጦ አየር መለካት ለማን ይሸጣል? ነገር ግን በ1985 ዓ.ም. ጆሴፍ ፋርማንና ሁለት ባልንጀሮቹ፥ በዚያ ስፍራ የፀደይ ወራት ኦዞን ከሢሶ በላይ መቀነሱን ገለጹ። በ1987 ዓ.ም. በሞንትሪያል ውል ተደረገ፤ ዛሬ የዓለም መንግሥታት ሁሉ፥ የእኛም ጭምር፥ ገብተውበታል። በ2023 ዓ.ም. እንደ ተነገረው፥ ውሉ ከተጠበቀ በደቡብ ዋልታ ላይ ያለው ኦዞን በ2066 ዓ.ም. ገደማ ወደ ቀድሞው መጠኑ ይመለሳል። እንግዲህ አስተውሉ፤ ጠቃሚ የተባለው ጋዝ ሊጎዳን ነበር፤ የማይጠቅም የሚመስለው ልኬት ግን አስጠነቀቀን።

«እኛ ድኾች ነን፤ አስቀድሞ እንጀራ» የሚሉ አሉ። እኔም እንጀራን አልንቅም። ነገር ግን ለዘር ያስቀመጠውን እህል የበላ ገበሬ ለከርሞ ለማኝ መሆኑ አይቀርም። ዕውቀትም ለከርሞ የሚቀመጥ ዘር ነው። ደግሞም ድኽነት የሚከለክለን ትልቁን መሣሪያ እንጂ፥ ዐይንንና ትዕግሥትን አይደለም፤ ሮብሰንም የጀመረው በእንጨት ኳስ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ የሌላውን ግኝት እያወሩ ማጨብጨብ ብቻ አይበቃችሁም። በጓሯችሁ ጣሳ አኑራችሁ የዝናሙን ልክ በየቀኑ በደብተር ጻፉ፤ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፥ ያላያችሁትን አትጨምሩ። አንድ ሰው መጥቶ «ምን ይጠቅማል?» ቢላችሁ፥ «ለክቼ ስጨርስ እነግርሃለሁ» በሉት።