ስሙ ይደበቅ፤ በሩ አይደበቅ

አዲስ አበባ ውስጥ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ቢራ የሚሸጥ ቤት ለማግኘት ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም። መብራቱና ሙዚቃው ራሱ ይጠራል። በዚያው ከተማ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ «መጠጥ ማቆም አቅቶኛል፤ እንደኔ ሆነው ያቆሙ ሰዎች የሚሰበሰቡት የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን መልስ ለማግኘት ዕድለኛ መሆን አለበት። ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ስለ ክትባት፣ ስለ ቲቢ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ይለጠፋል፤ ስለዚህ ጉዳይ የተለጠፈ ወረቀት ማየት ግን ብርቅ ነው። የእድሩ ዳኛም ቢጠየቅ ትከሻውን ይነቀንቃል። ስብሰባው ካለም የሚገኘው በሰው በሰው ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሱስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስደው ሰውን ነው። ጠጪው «በቃኝ» በሚልበት ሰዓት ጓደኛ ሸሽቶታል፣ ሥራው ሄዷል፣ ዘመድ ስልኩን አያነሳም። በሰው በሰው ብቻ የሚገኝ እርዳታ፣ ሰው ላጣ ሰው የለም ማለት ነው።

ለሱስ ሕክምና አልጋም፣ ሐኪምም፣ መድኃኒትም ይጎድላል። ይህ ሁሉ ገንዘብና ዓመታት ይጠይቃል። ቀን፣ ሰዓትና ቦታ የተጻፈበት አንድ ዝርዝር ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚፈልገው። ይህን ቀላሉን ነገር እንኳ እንዳይሠራ ያደረገው ሁለት ነገሮችን ማምታታት ነው፤ የሰውየውን ስም መደበቅና የሚድንበትን በር መደበቅ አንድ ተደርገው ተቆጠሩ።

የስብሰባዎቹ ታሪክ ራሱ ይህን ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1935 ቢል ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ የአክሲዮን ነጋዴ ለሥራ ወደ አክረን፣ ኦሃዮ ሄደ። መጠጥ ካቆመ ገና ወራት ነበሩ፤ ሥራው ሳይሳካ ቀረና በሆቴሉ መተላለፊያ ብቻውን ቆሞ የቡና ቤቱን ድምፅ ሲሰማ ፈተናው መጣ። አጠገቡ የከተማው አብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር ተለጥፎ ነበር። ከዝርዝሩ ስልክ መርጦ ደወለ፤ የሚያነጋግረው ሌላ ጠጪ እንዲፈልጉለት ጠየቀ። በዚያ መንገድ ቦብ ስሚዝ ከተባለ፣ እሱም በመጠጥ ከተጎዳ የቀዶ ጥገና ሐኪም ጋር ተገናኘ። በአጭሩ ኤኤ የሚባለው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ከዚያ ግንኙነት ተወለደ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ወደ 180 በሚጠጉ አገሮች ይገኛል። ግድግዳው ባዶ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ወደ ቡና ቤቱ ይገባ እንደነበር መገመት አይከብድም።

የኤኤ ስብሰባ ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጅ መቀመጥ ነው። ምዝገባ የለም፣ ክፍያ የለም፣ ሙሉ ስም የሚጠይቅ የለም። መግቢያው መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው። የኪራይና የሻይ ወጪ አባላት በፈቃዳቸው ከሚያዋጡት ይሸፈናል። አንዳንዱ ስብሰባ ለቤተሰብም ሆነ ማወቅ ለሚፈልግ ሁሉ ክፍት ነው፤ ሌላው ለራሳቸው ለጠጪዎቹ ብቻ ነው። ለጠጪ ቤተሰቦች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተው አል-አነን የራሱ ስብሰባ አለው። ያቆመው ላላቆመው እንዴት እንዳቆመ ይነግረዋል፤ ነገ ደግሞ ተመልሰው ይገናኛሉ።

«ወሬ ማውራት ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 27 ጥናቶችንና ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን መርምሮ ነበር። ሰዎችን ከኤኤ ስብሰባ ጋር በሥርዓት የሚያገናኙ ፕሮግራሞች፣ ያለማቋረጥ ከመጠጥ በመራቅ ረገድ፣ ከሌሎች የታወቁ የሥነ ልቦና ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አገኘ። አበሻ ይህን በአንድ መስመር ከተረተው ቆይቷል፤ ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው።

«የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉም አሉ። ተሰብስቦ ችግር መካፈልን ለኢትዮጵያ ፈረንጅ ሊያስተምራት አይችልም። እድር አለ፣ እቁብ አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ የጽዋ ማኅበር አለ። እድር ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያመጣል፣ ሦስት ቀን አብሮ ያድራል። የሚያሳዝነው፣ ይህ ሁሉ ሰው የሚመጣው ሰውየው ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው። በመጠጥ የሞተን ጎረቤት ለመቅበር ሰፈሩ ሁሉ ይወጣል፤ ሳይሞት ማክሰኞ ማታ አብሮት የሚቀመጥ ግን አልተመደበም። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ የእድሩ አዳራሽም በሳምንት አንድ ማታ ለሕያዋን ቢውል የሚከለክል ደንብ የለም።

ደግሞም አሁን ያሉት ማኅበራት ለዚህ ሰው አይመቹም። ብዙው ድግስ ጠላ አለበት፤ ብርጭቆውን ገፋ ያደረገ ሰው «ምነው? ምን ሆንክ?» ይባላል፤ «በሞቴ» ይጨመርበታል። መጠጥ የተወ ሰው ከመጠጡ ጋር ወገኑንም እንዲተው ይገደዳል። የተለየ መቀመጫ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«ጸበል አለ» ለሚለው ክርክር ክብር ይገባዋል። በእምነቱ ብርታት አግኝቶ ያቆመ ብዙ ነው፤ ይህን የሚክድ ሕዝቡን አያውቅም። ጥያቄው ከሱባኤ በኋላ ያለው ነው። ሰውየው ከእንጦጦ ወርዶ የሚመለሰው ወደዚያው ሰፈር፣ ወደዚያው ግሮሰሪ፣ ወደዚያው ጓደኛ ነው። ሌላ ቸል የማይባል ነገርም አለ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ ሲከፋም ራሱን ስቶ ይንዘፈዘፋል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ሊሞትም ይችላል። ይህን ስብሰባም አያክመውም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሐኪም ሊከታተላቸው ይገባል። ሐኪሙ፣ ጸበሉና ስብሰባው ተቀናቃኞች አይደሉም፤ አንዱ ወደ ሌላው መላክ ግን አለበት። አድራሻ ሳይኖር ደግሞ መላክ አይቻልም።

አሁን ወደ ዋናው ሰበብ እንምጣ ከተባለ፣ ሰበቡ ነውር ነው። «አማኑኤል ገባ» የሚለው ቃል ዛሬም ስድብ ነው፤ ያ ሆስፒታል ለስንት ሰው መዳኛ እንደሆነ እየታወቀ። ለሴት ጠጪ ነውሩ እጥፍ ነው፤ ቤቷን ዘግታ ትጠጣለች፣ ቤተሰቧም ዘግቶ ይሸፍንላታል። በሃይማኖቱ መጠጥ የተከለከለ ሙስሊም ወይም ጴንጤ ሲጠጣ መጠጣቱን የሚናገርለት ሰው እንኳ የለውም። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ምስጢር ይሁን» ይላል፤ በምስጢሩ ውስጥ መዳኛውም አብሮ ይቀበራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረት የተነገረው ለታማሚው ብቻ አይደለም፤ ለሚደብቅለት አገርም ነው።

ይህች አገር ከዚህ የባሰ ነውር አልፋለች። ኤች አይ ቪ ስሙ በሹክሹክታ በሚጠራበት ዘመን፣ በ1990 ዓ.ም. ግድም፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች መቅድምንና ተስፋ ጎህን አቋቁመው በአደባባይ ቆሙ። ወገን የተባለው የ952 ነጻ የስልክ መስመር ተከፈተ። ቡና እየተፈላ በየሰፈሩ ውይይት ተካሄደ። የታማሚው ስም ያለፈቃዱ አልወጣም፤ መመርመሪያው፣ ማኅበሩና ስልክ ቁጥሩ ግን በየግድግዳው ወጣ። ስም እየደበቁ በር መክፈት እንደሚቻል ኢትዮጵያ ራሷ አሳይታለች። ለመጠጥ ሲሆን ለምን አቃተ?

መንግሥት ምንም አላደረገም ማለት ሐሰት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወረደ፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከለከለ። ጥሩ ሕግ ነው። ይሁን እንጂ ገና ያልጀመረውን ልጅ ለመጠበቅ የወጣ ሕግ፣ ሃያ ዓመት ለጠጣው አባቱ የሚለው ነገር የለም። ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ቢራ ኤክሳይዝ ታክስ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ገንዘብ ውስጥ አንድ ዝርዝር ለማሳተምና አንድ ስልክ ለማስመለስ የሚበቃ አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በአልኮል ምክንያት 2.6 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ይቆጥራል። ይህን ያህል ሰው የሚገድል ነገር ማቆሚያ አድራሻው በሹክሹክታ መነገሩ ያስተዛዝባል።

ውጭ አገር ያለው ሐበሻ ደግሞ በተቃራኒው ዝርዝር ሞልቶለት ይቸገራል። በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ስብሰባዎች በቀን፣ በሰዓትና በሰፈር ተደርድረው በስልክ ይገኛሉ። እንቅፋቱ ቋንቋውና «ሐበሻ ቢያየኝስ?» የሚለው ፍርሃት ነው። ልቡን ለመናገር የሚቸገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ የሚሰማውን ደግሞ ይፈራዋል። የፍርሃቱ መልስ ቀላል ነው፤ እዚያ የሚያየው ሐበሻ እዚያ የመጣው በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የሚጠየቀው ምንድን ነው?

1ኛ) የከተማና የክልል ጤና ቢሮዎች በየአካባቢያቸው ያለውን የድጋፍ ስብሰባ ሁሉ፣ የሃይማኖትም ይሁን የኤኤ ወይም የሆስፒታል፣ በአንድ ዝርዝር ያውጡ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ቋንቋ፣ ለቤተሰብ ክፍት ይሁን አይሁን፣ ለሴቶች የተለየ ሰዓት ይኑር አይኑር ይጻፍ። የአንድም ሰው ስም አያስፈልግም።

2ኛ) ዝርዝሩ በየሦስት ወሩ ይጣራ። ተዘግቶ የቆየ አዳራሽ በር ላይ የደረሰ ጠጪ ሁለተኛ አይሞክርም።

3ኛ) በየጤና ጣቢያውና በየወረዳው ይለጠፍ፤ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም በቦርሳቸው ይያዙት።

4ኛ) እድሮች፣ ሰበካ ጉባኤዎችና መስጊዶች በሳምንት አንድ ማታ አንድ ክፍል ይስጡ። ቁልፍና ወንበር ይበቃል፤ የቀረውን ያቆሙት ሰዎች ይሠሩታል።

5ኛ) ስብሰባ ያላቸው ሰዎችም አድራሻቸውን ለማውጣት አይፍሩ። የአባላቱን ማንነት መጠበቅ ግዴታቸው ነው። ስብሰባውን መደበቅ ግን ትናንት እነሱን ያዳነውን በር ለነገው ሰው መዝጋት ነው።

የመጠጥ ሱሰኛ «ዛሬ አቆማለሁ» የሚልባት ሰዓት አጭር ናት። አንዳንዴ ከሰከረበት ማግስት ጠዋት ናት፣ አንዳንዴ ልጁ ያለቀሰችበት ማታ ናት። ያቺ ሰዓት ዘመድ እስኪጠየቅ፣ የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ አትጠብቅም። ግሮሰሪው ግን ክፍት ነው፤ አድራሻውንም ሁሉ ያውቀዋል። ለቀብሩ የሚነፋው የእድር ጡሩምባ ሰዓትና ቦታ ለሰፈሩ ሁሉ ይናገራል፤ የመዳኛውን ሰዓትና ቦታም በዚያው ድምፅ መናገር ይቻላል።