የተቋረጠን ትምህርት በጎልማሳነት ማጠናቀቅ ያዋጣል?

ከመደበኛው የሥራ ሰዓት በኋላ በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች የማታ ትምህርት ወደሚሰጥባቸው ተቋማት ከሚያመሩት መካከል ዕድሜያቸው 40 ዓመት የተሻገረ የመንግሥት ሠራተኞች ይገኙበታል። ከእነዚህም ገሚሶቹ በዲፕሎማ ተቀጥረው ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ፣ ሌሎቹም በቤተሰብ ኃላፊነት፣ በዝውውር ወይም በገንዘብ እጥረት የዲግሪ ትምህርታቸውን ከመንገድ ያቋረጡ ናቸው።

በሥራ ላይ ሆኖ መማር በሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ባሉት አሥርት ዓመታት የማታ ትምህርት ለበርካታ የቢሮ ሠራተኞች የዕድገት በር ሆኖ ቆይቷል። በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው የዛሬው የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲም የመንግሥት ሠራተኛውን አቅም የመገንባት ዓላማ ይዞ የተቋቋመ ነው። መምህራን በክረምት ወራት እየተማሩ ደረጃቸውን ማሻሻላቸውም የዚሁ ልምድ አካል ነው።

ያም ሆኖ ትናንት ያዋጣ የነበረው ስሌት ዛሬም በነበረበት መልኩ ይሠራል ማለት አይቻልም። ለዚህም በቅድሚያ ሊታይ የሚገባው የደመወዝ ጉዳይ ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ እንዲሆን በተወሰነው የደመወዝ ማሻሻያ መሠረት የአንድ ጀማሪ የዲግሪ ምሩቅ የወር ደመወዝ ከ6 ሺህ 940 ብር ወደ 11 ሺህ 500 ብር፣ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝም ከ4 ሺህ 760 ብር ወደ 6 ሺህ ብር ከፍ ብሏል። ይህ ልዩነት የዲግሪን ዋጋ አጉልቶ የሚያሳይ ቢሆንም ለነባር ሠራተኛ ግን በቀጥታ የሚተረጎም አይደለም። በነጥብ የሥራ ምዘና ዘዴ ደመወዝ የሚወሰነው በሥራ መደቡ ደረጃ ነው። የትምህርት ማስረጃ ለመደቡ ለመወዳደር የሚያበቃ መስፈርት እንጂ በራሱ ደመወዝ የሚያስጨምር አይደለም። በመሆኑም ዲግሪውን የያዘ ሠራተኛ ተጠቃሚ የሚሆነው ክፍት የሥራ መደብ ሲኖር፣ የተማረበት መስክ ከመደቡ ጋር ተዛማጅ ሲሆንና ተወዳድሮ ሲያሸንፍ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ዕድሜ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በመደበኛነት ጡረታ የሚወጣው በ60 ዓመቱ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በመደበኛው ክፍለ ጊዜ በትንሹ 4 ዓመት የሚጠይቁ ሲሆን፣ በማታው ደግሞ ጊዜው ከዚያ ይረዝማል። በ45 ዓመቱ የጀመረ ሠራተኛ በ50 ዓመቱ ቢያጠናቅቅ ገና 10 የአገልግሎት ዓመታት ይቀሩታል። በ55 ዓመቱ የጀመረው ግን ምረቃውና የጡረታ ደብዳቤው ሊገጣጠሙበት ይችላሉ።

ብዙዎች ልብ የማይሉት የጡረታ አበል ስሌትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አበሉ የሚሰላው ከጡረታ በፊት ባሉት 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ተመሥርቶ ሲሆን፣ ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ 1.25 በመቶ ይታሰባል። ለአብነት ያህል 30 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የአማካይ ደመወዙን 55 በመቶ ያገኛል። ይህ ሠራተኛ በዲግሪው ምክንያት 3 ሺህ ብር የሚያስጨምር የደረጃ ዕድገት ከጡረታው 3 ዓመት ቀደም ብሎ ቢያገኝ አበሉ በወር 1 ሺህ 650 ብር ይጨምራል። ዕድገቱን ያገኘው ጡረታ ሊወጣ 1 ዓመት ሲቀረው ከሆነ ግን ጭማሪው ወደ 550 ብር ዝቅ ይላል። ዘግይቶ የተገኘ ዲግሪ ዋጋው በዚህ መጠን ይቀንሳል ማለት ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ የትምህርቱ ጥራትና ሕጋዊነት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም ቢማሩ የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅባቸዋል። የማለፊያ ነጥቡ 50 በመቶ ነው። በፈተናው የመጀመሪያ ዙር በርካታ ተፈታኞች ይህን ነጥብ ማምጣት ያልቻሉ ሲሆን፣ በተለይ በግል ተቋማት የተመዘገበው ውጤት ዝቅተኛ ነበር። ስለሆነም ክፍያ መፈጸምና ክፍል መገኘት ብቻውን ለምረቃ አያበቃም። ከዚህ በተጨማሪ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለተቋሙ በጅምላ ሳይሆን ለየካምፓሱ፣ ለየትምህርት መስኩና ለየአሰጣጡ በመሆኑ፣ ለመደበኛው ፈቃድ ያለው ተቋም ለርቀትም አለው ብሎ መገመት አደገኛ ነው። በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ የርቀት ትምህርት ታግዶ በነበረበት ወቅት በተማሪዎች ላይ የተፈጠረው ስጋትም የሚዘነጋ አይደለም።

ከዚህ አንጻር ትምህርቱን ለመቀጠል የሚያስብ ሠራተኛ ከመመዝገቡ በፊት ከመሥሪያ ቤቱ የሰው ሀብት ክፍል ሊወዳደርበት የሚችለውን መደብና ተፈላጊውን የትምህርት መስክ፣ ከባለሥልጣኑ የፕሮግራሙን ፈቃድ፣ ከትምህርት ተቋሙ ደግሞ ቀደም ሲል የወሰዳቸው ኮርሶች የሚያዙለት መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ይህ ሳይጣራ ከብድርና ቁጠባ ማኅበር ተበድሮ ለማይፈለግ መስክ መክፈል «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው ይሆናል።

ኃላፊነቱ ግን የሠራተኛው ብቻ አይደለም። የሥራ ኃላፊዎች ዲግሪን ለመደብ መስፈርት ሲያደርጉ ሥራው በእርግጥ ይህን ዕውቀት የሚጠይቅ መሆኑን ማጤን ይጠበቅባቸዋል። ሥራው የማይጠይቀው መስፈርት ልምድ ያለውን ሠራተኛ ወደኋላ ከማስቀረቱም በላይ ለሐሰተኛ ማስረጃ ገበያ ይከፍታል። ልጆች በማሳደግ ምክንያት ትምህርታቸውን ላቋረጡ ሴት ሠራተኞች ደግሞ የፈተና ወቅት ፈቃድና የተመቻቸ የሥራ ሰዓት ከምክር የበለጠ ይጠቅማሉ።

በጥቅሉ ሲታይ ትምህርቱን ለማጠናቀቅ ጥቂት ዓመት ለቀረው፣ መስኩ ከሥራው ለሚዛመድና ጡረታ ለመውጣት ከ10 ዓመት ያላነሰ ጊዜ ላለው ሠራተኛ ድካሙ የሚክስ ነው። ለጡረታ የተቃረበ ሠራተኛ ትርፉን በደመወዝ ሊጠብቅ አይገባም፤ ለዕውቀት ፍላጎቱ ወይም ከጡረታ በኋላ ለሚያስበው ሥራ ቢማር ግን ውሳኔው የሚከበር ነው። ለሁሉም የሚሠራው መመዘኛ አንድ ነው፦ ትምህርቱ በሥራ ገበታው ላይ የሚታይ ለውጥ ማምጣት ይኖርበታል። ባለጉዳይ በዲግሪው ምክንያት የተሻለ አገልግሎት ካላገኘ፣ ሠራተኛው ለዓመታት ከቤተሰቡ የቀነሰው ምሽት ለሕዝብ ያስገኘው ጥቅም አይኖርም።