«ዒድ ሙባረክ» ብቻ?

ከተለያየን ሦስት ወራችን ነበር። የዒድ ማታ ዶርም ውስጥ «ዒድ ሙባረክ» ብዬ ጻፍኩላት፤ ሳልልከው አጠፋሁት፤ መልሼ ጻፍኩት። ሰላምታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቴሌግራም ላይ መቼ እንደገባች ደጋግሜ አላይም ነበር።

የኤሌክትሪካል ተማሪ ነኝና በማውቀው ልናገር። ካፓሲተር ከምንጩ ቢለይም ቻርጁ ወዲያው አያልቅም። በሬዚስተሩ በኩል ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ከ5 ታይም ኮንስታንት በኋላ ከ1 በመቶ ያነሰ ይቀራል። መሃል ላይ ከምንጩ ጋር ካነካካችሁት ግን እንደገና ይሞላል። ያቺ አንዲት መልእክትም እንዲሁ ናት።

ኒካሕ ካሰብን ሽማግሌ ይዘን ወሊይዋ ዘንድ እንሂድ። ካላሰብን ቁጥሩን እናጥፋ፤ ሲብስብን ስልኩን ለጓደኛ ሰጥተን ሁለት ረከዓ እንስገድ። እኔ ያን ማታ እንዲሁ አደረግሁ። ናፍቆቱ አልጠፋም፤ ጠዋት የማፍርበት መልእክት ግን አልነበረም፣ አልሐምዱሊላህ።