የተማረ እጅ የት አለ?

እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ አገር ልማት ስንከራከር ሌሊቱ ይነጋል። በቤታችን አንድ ነገር ሲሰበር ግን ሠራተኛ እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። ይህ ምን ያህል እንደሚያሳፍር የተረዳነው ባለፈው ክረምት አቃቂ ቃሊቲ ከአንድ ጓደኛችን ቤት በሄድን ጊዜ ነው።

የሽንት ቤቱ መቀመጫ ከሥሩ ተሰንጥቆ ውሃ በተለቀቀ ቁጥር ወለሉ ይርሳል። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፍ ያለው ክፍል የሚቀዳው ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው፤ የከተማው ፍሳሽ ከሚጣራባቸው ስፍራዎች አንዱም እዚያው ቃሊቲ ነው። በዚያ ቤት ግን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለ ሆነ አንዲት ባልዲም ታሳዝናለች። አዲሱ መቀመጫ ተገዝቶ፣ ሠራተኛ እስኪገኝ እየተባለ፣ ሁለት ሳምንት በካርቶኑ ቆይቷል። ከመካከላችን ሁለቱ ስለ ፈሳሽ ግፊት ተፈትነው ያለፉ ናቸው። ሆኖም «እኛው እንሥራው» ስንል የጓደኛችን እናት ደነገጡ። «ልጆቼ፣ የተማራችሁት ለዚህ ነው እንዴ? ሰው ምን ይለናል?» አሉ።

ጀመርነው። ውሃውን ዘጋን፤ በማጠራቀሚያው የነበረውን ለቀን የቀረውን በጨርቅ ጨመቅን፤ ብሎኖቹን ፈታን። አሮጌውን አንሥተን ሽታ እንዳይወጣ፣ ፍርስራሽም እንዳይገባ የቧንቧውን አፍ በጨርቅ ወተፍን። በኋላም ጨርቁን አውጥተን አዲሱን ተከልን። እስከዚህ ድረስ ኰርተን ነበር። ውሃ ስንለቅ ግን ከሥሩ ፈሰሰ!

ማታ ከሥራ ሲመለሱ የሰፈሩን ቧንቧ ሠራተኛ ለመንናቸው። አሮጌው ሲሚንቶ በደንብ ስላልተጠረገ መቀመጫው እንዳልተስተካከለ፣ ጎማውም እንደ ተጣመመ አሳዩን። ብሎን በአንድ ወገን ብቻ ቢጠብቅ ሸክላው ስለሚሰነጠቅ፣ ከግራም ከቀኝም እያፈራረቅን ጥቂት በጥቂት እንድናጠብቅ አዘዙን። ራሳቸው አልነኩትም፤ እኛኑ አሠሩን። በአንድ ሰዓት አለቀ፤ ወለሉም ደረቀ። ቡና ሲቀርብ ግን ልብሳቸውን አይተው በር ላይ ቆሙ። ወንበር ለመስጠት ማናችንም ፈጥነን አልተነሣንም ነበር።

እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ስድቡ ቢቀንስም ንቀቱ በእኛ በተማርነው ዘንድ ዛሬም አለ። ውሃ ይዞ ሽታ እንዳይወጣ የሚከለክለውን ጠማማ ቧንቧ በ1775 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በስሙ ያስመዘገበው አሌክሳንደር ከሚንግ ሰዓት ሠሪ ነበር። እጁ ከአእምሮው ጋር አልተጣላም። እኛን የያዘን የሥራው ክብደት ሳይሆን «ሰው ምን ይላል» የሚለው ፍርሃት ነው።

አንዳንዱ «የሠራተኛውን እንጀራ ልትቀሙት ነው?» ይለን ይሆናል። አይደለም። ተንበርክኮ የሞከረ ሰው የሠራተኛውን ዋጋ ያውቃል፤ በሒሳቡም አይከራከረውም።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሚመጣው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ ከደብተሩ ጋር መፍቻም እንያዝ። የማናውቀውን እንጠይቅ፤ ለሚያስተምረንም ሰው ቡናው ሳይቀርብ ወንበር እንስጥ።