መዶሻው ከመውደቁ በፊት

ባለፈው ክረምት ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ ሆሳዕና ተጉዤ ነበር። በቡታጅራና በወራቤ በኩል አድርጎ ወደ ከተማዋ የገባ ሰው በመጀመሪያ ዓይኑን የሚስበው አዳዲስ ቤትና ፎቅ ነው። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በሺንሺቾ «ይህ የማን ነው?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ ብዙ ጊዜ «ልጃቸው ደቡብ አፍሪካ ነው» ወይም «ልጃቸው አሜሪካ ነው» የሚል ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከሐዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የወጣው ወጣት በየሱቁ ቆሞ ያጠራቀመውን ገንዘብ እየላከ እነዚህን ከተሞች መልካቸውን ለውጧቸዋል።

በእንግድነት የገባሁበት ቤትም ከእነዚህ አንዱ ነው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ወርቅ ቅብ ፍሬም ያለው ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። በባሕር ዳር ያለች ትንሽ ቤት፣ መስኮቷ በብርሃን የተሞላ፣ ከበስተጀርባዋ የምትጠልቅ ፀሐይ። የቤቱ የበኩር ልጅ አሜሪካ ከአሥር ዓመት በላይ ኖሯል፤ ለዕረፍት መጥቶ ነበር። ሥዕሉን ትክ ብዬ ሳይ አይቶኝ፣ አባቱ ቡና እስኪፈላ ብለው ወደ ጓሮ ሲወጡ ጠብቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ እርስዎ የሕግ ሰው ነዎት። አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባለቤቱ ጋር ከማያሚ በሚነሳ የመዝናኛ መርከብ ለአንድ ሳምንት ሄደው ነበር። በሁለተኛው ቀን መርከቡ ላይ የሥዕል ጨረታ እንዳለና ሻምፓኝ በነፃ እንደሚቀርብ የሚገልጽ ወረቀት ከክፍላቸው በር ሥር ገባላቸው። ለማየት ገቡ፤ ሦስት ሥዕል ገዝተው ወጡ። የመጓጓዣው፣ የፍሬሙና የገዢ ተጨማሪ ክፍያ የተባለው ሲደመርበት ከሰባት ሺሕ ዶላር በላይ ሆነ። ክሬዲት ካርዳቸው ከፈለ። ቤታቸው ገብተው በኢንተርኔት ሲፈልጉ የዚያው ሥዕል ሌላ ቅጂ በጥቂት መቶ ዶላር ለሽያጭ ቀርቦ አገኙት።

ገንዘቡ ደግሞ ሥራ ነበረው። ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ካለው ታናሽ ወንድሙ ጋር እኩል አዋጥተው ሆሳዕና ላይ ለቦታ ሊዝ ቅድሚያ ክፍያ ሊያውሉት ተስማምተው ነበር። ታናሽየው ድርሻውን ልኳል። የበኩሩ ድርሻ ግን ሁለቱ አሜሪካ፣ አንዱ ሆሳዕና ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። «መመለስ ይቻላል?» ነበር ጥያቄው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንነሳ። ለመሆኑ ሰው በጨረታ ሲገዛ ከሱቅ ከመግዛት በምን ይለያል? ሱቅ ውስጥ ዋጋውን የሚያወጣው ሻጩ ነው፤ ገዢው ይከራከራል። በጨረታ ዋጋውን የሚያወጣው ገዢው ራሱ ነው፤ ስለዚህም «ራስህ የጠራኸው ዋጋ ነው» ሲባል መልስ የለውም። ጨረታ ትክክለኛ ዋጋ ያወጣል የሚባለው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። ተጫራቹ የሚሸጠውን ነገር ማወቅ አለበት። ሌላ ቦታ ስንት እንደሚያወጣ ማወዳደር መቻል አለበት። ጥሎ መውጣትም መቻል አለበት። የመርከቡ ጨረታ ሦስቱንም እንዴት እንደሚነካ እንመልከት።

መጀመሪያ የሚሸጠው ነገር። በእነዚህ መርከቦች ላይ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ሠዓሊው በእጁ የሣላቸው ብቸኛ ሥራዎች ሳይሆኑ የተወሰነ ቁጥር ያላቸው ኅትመቶች ናቸው። ጥግ ላይ 27/500 ተብሎ ከተጻፈ ከአምስት መቶ ቅጂዎች ሃያ ሰባተኛው ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሥዕል ላይ መዶሻው ከወደቀ በኋላ አጫራቹ «በዚሁ ዋጋ ሌላ የሚፈልግ?» ብሎ ለሦስትና ለአራት ሰው ሊሸጠው ይችላል። ተጫራቾች የተሻሙበት ነገር በመጋዘን የተደረደረ ከሆነ ሽሚያው ምኑ ላይ ነው? ፊርማም ቢሆን ሁልጊዜ ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ አንዶራ ሲያመራ የነበረ አንድ የጭነት መኪና ሳልቫዶር ዳሊ የፈረመባቸው 40,000 ባዶ ወረቀቶች ጭኖ መያዙ በሥነ ጥበብ ገበያ የታወቀ ታሪክ ነው። በባዶ ወረቀት ላይ ከፊርማው በኋላ ምን እንደሚታተም የሚያውቀው አታሚው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ማወዳደር ነው። መርከቡ ባሕር መሐል ነው። ሥዕሉን የሚያሳይ ሌላ ጋለሪ የለም፤ ኢንተርኔቱ ውድ ወይም ደካማ ሆኖ ቆይቷል፤ ጨረታው ከዕይታው ጋር በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ለገዢው የሚሰጠውን የዋጋ ግምት የምስክር ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ራሱ ሻጩ ነው። ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ግምት ሲጽፍ በእኛ አገር ቢሆን ምን ይባላል? «ቤቱን የሸጠልኝ ደላላ ቤቱ ርካሽ ነው አለኝ» እንደማለት ነው።

ሦስተኛው ጥሎ መውጣት ነው። በሩ ክፍት ነው፤ ማንም አያስገድድም። ነገር ግን ብርጭቆው ይሞላል፣ ጎረቤት ካርዱን ያነሳል፣ አጫራቹ በስም ይጠራል። የእኛ ሰው ደግሞ በሰው ፊት «አልቻልኩም» ማለት ይከብደዋል።

ይህ የአንድ የሆሳዕና ልጅ ቅሬታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ኒውዮርክ ታይምስ በመዝናኛ መርከቦች ላይ ስለሚካሄዱ የሥዕል ጨረታዎች የገዢዎችን ምሬትና ክስ ሰፊ ዘገባ አውጥቶበታል። በዘርፉ ትልቁ የሆነው የሚሺጋኑ ፓርክ ዌስት ጋለሪ ክሶቹን አስተባብሏል፤ ክርክሮቹም ዓመታት ፈጅተዋል። በሥዕሉ ደስ ብሎት የሚኖር ገዢም ሞልቷል። ሕጉ ግን ገዢውን አይረዳውም። በዓለም አቀፍ ባሕር ላይ ያለ መርከብ በመርህ ደረጃ የሚተዳደረው በሚያውለበልበው ሰንደቅ ዓላማ አገር ሕግ ነው፤ የብዙዎቹ የመዝናኛ መርከቦች ሰንደቅ ደግሞ የባሐማስ፣ የፓናማ ወይም የቤርሙዳ ነው። ተጫራቹ ቁጥር ያለበትን ካርድ ሲቀበል የሚፈርመው ወረቀትም አለ። ክርክር ቢነሳ የት እንደሚታይ፣ ሽያጩ የመጨረሻ መሆኑን የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ይኸው ማንም የማያነበው ወረቀት ነው።

ከቤት ርቆ፣ ማወዳደሪያ በሌለበት የሚደረግ የጥበብ ጨረታ በእኛም ታሪክ ውስጥ አለ፤ ያውም መራር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከተሠዉ ሳምንት ሳይሞላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ንብረት በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ አወረደው። እዚያም ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን 1860 ዓ.ም. ለሁለት ቀን ሐራጅ አወጣው። የተሰበሰበው 5,000 ፓውንድ ገደማ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ከተጫራቾቹ መካከል የሚገዛውን ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ ሪቻርድ ሆልምስ። ሌላው መታሰቢያ ሲገዛ እሱ ቅርስ ሰበሰበ፤ በዘመቻው በጠቅላላ በእጁ የገቡት የብራና መጻሕፍት 350 ያህል ናቸው። የጨረታው ተሸናፊ እኛ ነበርን፤ በተጫራችነት እንኳ አልተጠራንም።

ከዚህ ታሪክ የሚቀጥል አንድ ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከመቅደላ የተወሰዱ ዕቃዎች በእንግሊዝ ዶርሴት ለጨረታ ሊቀርቡ መሆኑ ሲታወቅ ለንደን ያለው ኤምባሲያችን ተቃውሞ ሽያጩ ቀረ፤ ዕቃዎቹም በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በኒውካስል ለጨረታ የተዘጋጀ የመቅደላ ጋሻ ከሽያጩ እንዲወጣ ተደርጎ በመጨረሻ ኢትዮጵያ ገብቷል። ሁለቱም ጊዜ የተቻለው ዝርዝሩ አስቀድሞ ታትሞ ስለወጣና መዶሻው ገና ስላልወደቀ ነው። በ1860 መዶሻው የወደቀባቸውን ግን እስከ ዛሬ እየለመንን ነው።

አሁን ወደ አገር ቤት ሐራጅ እንመለስ። በየጋዜጣው የመጨረሻ ገጾች የሚወጡትን የባንክ የሐራጅ ማስታወቂያዎች የማያውቅ አንባቢ የለም። አሰልቺ ናቸው። የካርታ ቁጥር፣ የቦታ ስፋት በካሬ ሜትር፣ መነሻ ዋጋ፣ ጨረታው የሚካሄድበት ቀንና ሰዓት፣ ተጫራቹ ከመነሻ ዋጋው አንድ አራተኛውን በሲፒኦ እንዲያስይዝ፣ ንብረቱን ቀድሞ መጎብኘት እንደሚችል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች ያለ ፍርድ ቤት በመያዣ የያዙትን ንብረት እንዲሸጡ ሲፈቀድላቸው እንኳ ለተበዳሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ተደንግጓል። በባንክ ሐራጅ ላይ ያለኝን ትችት በሌላ ጊዜ ጽፌአለሁ፤ ቤቱ የተሸጠበት ሰው እንባ ቀላል ነገር አይደለም። ለገዢው ግን ያ ደረቅ ማስታወቂያ ትልቅ ወዳጅ ነው። መነሻ ዋጋው ያነጻጽረዋል፣ ጉብኝቱ ያሳየዋል፣ ሲፒኦው ቀድሞ ያሳስበዋል። ሻምፓኝ የለውም፤ ደግነቱም እሱ ነው።

በሆሳዕና አዳራሾች ሌላ ዓይነት ጨረታም አለ። ለቤተ እምነት ግንባታ ገንዘብ ሲሰበሰብ አንድ ዳቦ፣ አንድ በግ ወይም በፍሬም የተሠራ ጥቅስ ለጨረታ ይወጣል። ጥቅሱ በብዙ ሺሕ ብር ሲሸጥ ማንም አልተታለለም፤ ገዢው ስጦታ መስጠቱን ያውቃል፤ ጉባኤውም ያውቃል። ችግሩ የሚመጣው ስጦታው ኢንቨስትመንት ተብሎ ሲቀርብ፣ መዝናናቱም ቁጠባ ሲመስል ነው።

ሥዕል ሀብት አይደለም እያልኩ አይደለም። አዲስ አበባ የተወለደችው የጁሊ ምሕረቱ አንድ ሥራ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ሆንግ ኮንግ ላይ በሶዝቢስ ከ9 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል፤ በቀጣዩ ወር ኒውዮርክ ላይ ሌላው ሥራዋ ከ10 ሚሊዮን አልፏል። ነገር ግን እዚያ የቀረበው አንድ ብቻ የሆነ ሥራ ነው፤ ካታሎጉ ቀድሞ ወጥቷል፤ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ ተጽፏል፤ ተጫራቹ አማካሪውን ይዞ መጥቷል። ይህን ያህል ገንዘብ የሌለው ደግሞ አዲስ አበባ ካሉት ጋለሪዎች ወይም ከሠዓሊው ስቱዲዮ፣ ሠዓሊውን ዓይኑን እያየ፣ መግዛት ይችላል። ዋጋውን ይከራከራል፤ ሲወደው ይወስዳል።

ለወጣቱ የነገርኩት ይህንን ነው። በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቢሆን በስህተት ወይም በተንኮል የተገኘ ፈቃድ ውልን ሊያፈርስ ይችላል፤ የዋጋ መወደድ ብቻውን ግን አያፈርስም። የአንተ ውል ደግሞ በእኛ ሕግ አይገዛም። የፈረምከውን ወረቀት ፈልገህ አንብብ፤ ቅሬታህን በጽሑፍ አቅርብ፤ ካርዱን ለሰጠህ ባንክ ቶሎ አመልክት። ሥዕሉ የተባለው ሥዕል ካልሆነ ክርክር አለህ፤ የተባለው ሆኖ የተወደደ ብቻ ከሆነ ግን ተስፋህ ቀጭን ነው። ከሁሉ በፊት ለወንድምህ እውነቱን ንገረው።

የመጨረሻው ነገር ሆሳዕናን ራሷን ይመለከታል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ጨረታን ዋናው የቦታ ማግኛ መንገድ አድርጎት፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከጠቅላላ ዋጋው ከ10 በመቶ እንዳያንስ ደንግጓል። ቀሪው በየዓመቱ ከነወለዱ የሚከፈል ዕዳ ነው። ጆሐንስበርግ ወይም ደርባን ሆኖ በስልክ «ያንን ቦታ አሸንፍልኝ፣ ዋጋ አትፍራ» የሚል ወንድም ቦታውን አላየም፣ ከጎኑ ያለው ቦታ ስንት እንደወጣ አያውቅም፣ የመንደር ክብርም ይዞታል። እሱም በራሱ መርከብ ላይ ነው። ቤተሰብ ሊያደርግለት የሚገባው ፖስታው ከመታሸጉ በፊት የቦታውን ፕላን፣ የቀድሞ ጨረታዎችን ዋጋና የዓመታዊ ክፍያውን ስሌት ልኮለት፣ የመጨረሻ ጣሪያውን በቁጥር ማስወሰን ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ በጨረታ ግን የፈሰሰው ብዙ ጊዜ አይለቀምም።

አባትየው ቡናውን ይዘው ሲገቡ ሥዕሉን አይተው «ቆንጆ ነው፤ ግን ይቺ ቤት የማን ናት?» አሉ። ልጁ መልስ አልሰጠም። ማታ ወደ ደቡብ አፍሪካ መደወሉን በማግሥቱ ነገረኝ።

ቸር እንሰንብት።